አዲስ ዕቃ ተተክቶለት ጩኸቱን ያልተወ መጋዝ

ለመለዋወጫ ዕቃ አስመጪዎችና ለባለሱቆች የሚጠቅም የሥራ ታሪክ

የመለዋወጫ ዕቃ ነጋዴ ከሌላው ነጋዴ የሚለይበት አንድ ነገር አለ። ጨርቅ የሸጠ ሰው ለክቶ፥ ቆርጦ፥ ገንዘቡን ተቀብሎ ደንበኛውን በሰላም ያሰናብታል። መለዋወጫ የሸጠ ሰው ግን ሽያጩ የሚፈጸምለት ዕቃው በመኪናው ውስጥ ገብቶ በሚገባ የሠራ ዕለት ነው። እስከዚያ ድረስ ደረሰኝ ቢቆረጥም፥ ገንዘቡ በካዝና ቢቀመጥም፥ ነጋዴው የዕቃው ዋስ ሆኖ ይቆያል። ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ እኔ ራሴ በጸሐፊነት በማገለግልበት የንግድ ቤት የደረሰ ነገር ነው። ነገሩ ቤታችንን የሚያስመሰግን ስላልሆነ ዝም ብለን ልናልፈው እንችል ነበር፤ ዳሩ ግን ሌላው ነጋዴ ቢማርበት ይሻላል በማለት፥ የአሠሪዬን ፈቃድ ተቀብዬ እነሆ አቀርበዋለሁ።

በ2017 ዓ.ም. በነሐሴ ወር፥ በአንድ ማለዳ፥ የቆየ ደንበኛችን የሆነ አንድ አናጢ ፒያሳ ወደሚገኘው መደብራችን መጣ። ዝናቡ ገና አላባራም ነበርና ካፖርቱ ርሷል። በብጣሽ ጨርቅ የተቋጠረ ነገር ከብብቱ አውጥቶ በባንኮኒው ላይ ዘረገፈው፤ ያረጁ ኩሽኔታዎች ነበሩ።

«ጋሼ» አላቸው አሠሪዬን፤ «እኔ ከእርስዎ ቤት ዕቃ ስገዛ ዐሥራ ሁለት ዓመቴ ነው። እነዚህን ያረጁትን አውጥቼ እናንተ የሸጣችሁልኝን አዲሶቹን ባስገባ መኪናው ይባስ ጮኸ። አሮጌው ከአዲሱ የሚሻል ከሆነ ገንዘቤን ስለ ምን ወሰዳችሁብኝ?»

አሠሪዬ ቁጣን በቁጣ የማይመልሱ ሰው ናቸውና፥ «ተቀመጥ ወንድሜ፤ ትኩስ ቡና ይምጣልህ፤ ከዚያ ነገሩን ከሥሩ አጫውተን» አሉት።

የጥልፍ መጋዝ ምን ዐይነት መኪና ነው?

አናጢው የተቸገረበት መኪና የጥልፍ መጋዝ ነው። ይህ መኪና እንደ ክር የቀጠነ፥ ርዝመቱ 127 ሚሊሜትር ወይም 5 ኢንች የሆነ ላማ አለው። ላማው ከሁለት ክንዶች ጫፍ ላይ፥ አንደኛው ከላይ ሁለተኛው ከታች ይዘውት፥ ተወጥሮ ይታሰራል። ሞተሩ አንድ ክብ ብረት ያዞራል፤ በክቡ ብረት ላይ ከመሐሉ ፈንጠር ብሎ የተተከለ እንዝርት አለ፤ ከእንዝርቱ ላይ የሚነሣ አገናኝ ዘንግ የክቡን ዙር ወደ ላይና ወደ ታች መመላለስ ይለውጠዋል። ፍጥነታቸው የሚስተካከል ከሆኑት መካከል በደቂቃ ከ400 ጀምሮ እስከ 1,750 ጊዜ የሚመላለሱ አሉ። አናጢው ሰሌዳውን በሁለት እጁ እያዞረ፥ ላማው ባለበት ቦታ ሆኖ፥ ኮምፔንሳቶም ሆነ ጥድ እንደ ጥልፍ ይፈለፍልለታል።

እንግዲህ በክንዶቹ ማጠፊያዎች ላይ፥ ልክ በሰው ጉልበትና ክርን ላይ እንዳለው ዐይነት መገጣጠሚያ፥ ኩሽኔታዎች ይገኛሉ። በደንበኛችን መኪና ያሉት በድቡልቡል ኳሶች ፈንታ እንደ መርፌ የቀጠኑ ዘንጎች የተደረደሩባቸው ናቸው። በእያንዳንዱ ኩሽኔታ መሐል ቦኮላ የሚባል አጭር የብረት ቧንቧ ያልፋል። መርፌዎቹ የሚንከባለሉት በቦኮላው ጀርባ ላይ ነው። ይህን አንባቢው በልቡ ይያዝልኝ፤ የነገሩ ሁሉ መቋጠሪያ እርሱ ነውና።

የአራዳ የእንጨት ጥልፍ

አራዳ ለዚህ የእጅ ሥራ ባዕድ አይደለችም። በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመን የከተማው ገበያ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ በነበረበት ጊዜ፥ ከሕንድና ከአርመን አገር የመጡ ነጋዴዎችና የእጅ ባለሙያዎች በዚሁ ሰፈር ቤት ሠርተዋል። እንደ መሐመድ አሊ ያለው ታላቅ የሕንዶች የንግድ ቤትም በዚሁ ነበር። ለቤተ መንግሥቱ የሚሠሩ ጠቢባን የሰፈሩበት ቦታም ሠራተኛ ሰፈር ተብሎ ተጠርቷል። የጣሊያን ወረራ በ1928 ዓ.ም. ከደረሰ በኋላ ትልቁ ገበያ ወደ መርካቶ ሲዛወር፥ አራዳ በጣሊያንኛው ቃል ፒያሳ መባልን ወረሰች፤ ኩሽኔታ፥ ቦኮላ፥ ሮንዴላ፥ ዳዶ፥ ብሎን፥ ካቻቢቴ የሚሉትም የሥራ ቃላት ከዚያው ቋንቋ የመጡ ናቸው። የቀድሞዎቹ ቤቶች ሰገነታቸውና የጣሪያቸው ከንፈር በተፈለፈለ እንጨት ያጌጠ ነበር። ከእነዚህ ቤቶች አንዳንዶቹ እስካሁን ቆመዋል፤ ጥልፋቸው ግን በዝናብና በፀሐይ ይበላል።

ደንበኛችን የተዋዋለው ሥራ እንዲህ ካሉት ቤቶች የአንደኛውን የሰገነት ጥልፍ፥ በቀረው ናሙና ልክ፥ እንደ ጥንቱ አድርጎ መሥራት ነው። ሥራውን ለመስከረም 10 ቀን ለማስረከብ ፈርሟል፤ ቀብድም ተቀብሎ እንጨት ገዝቶበታል። ሥራው ቢዘገይ ቀብዱን መመለስ ነው፤ የሚመልሰው ገንዘብ ግን በእጁ የለም። በመደብራችን ባንኮኒ ላይ የተዘረገፈው ያረጀ ብረት ብቻ ሳይሆን የአንድ ቤተ ሰብ የዓመት ኑሮ ጭምር ነበር።

በእኛም በኩል ነገሩ ቀላል አልነበረም። ኩሽኔታዎቹን ከዚያው ሣጥን ለሌሎችም ደንበኞች ሸጠናል። ሐሰተኛ ሆነው ከተገኙ ሁሉንም መሰብሰብ፥ ገንዘብ መመለስ፥ ከላኪው ጋራም መካሰስ ሊመጣ ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፥ ቀድሞ በ57 ብር ገደማ የነበረው የአንድ ዶላር የባንክ ዋጋ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አልፎ እንደ ነበር አስመጪ ሁሉ ያስታውሰዋል። ስለዚህ በከንቱ የሚለወጥ እያንዳንዱ ዕቃ ለገዢውም ለሻጩም የማይረሳ ኪሳራ ነው።

በቤታችን ደንብ በመኪና ውስጥ የገባ ዕቃ አይመለስም። እኔም ደንቡን ለመጥቀስ አፌን ስከፍት፥ አሠሪዬ በእጃቸው ዝም አሰኙኝና «ነገሩን በዐይናችን ሳናይ እሺም እንቢም አንልም» አሉ። ለቤታችን አልፎ አልፎ ምክር የሚሰጡንን፥ ዕድሜያቸው ከሰባ ያለፈ መካኒክ አስጠርተው፥ ከእኔ ጋር ወደ አናጢው ሥራ ቤት ላኩን።

መጀመሪያ መስማት

አናጢው ቀድሞ ሥራ ቤቱ ዶሮ ማነቂያ ነበር። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ የመልሶ ማልማትና የኮሪደር ሥራ ተጀምሮ አያሌ ቤቶች ሲፈርሱ እርሱም ዕቃውን ጭኖ ወደ አዲሱ ገበያ በኩል ተዛውሯል። አዲሱ ቤት ንጹሕ ነው፤ ወለሉም ሴራሚክ ለብሷል። መኪናው በአራት እግር ብረት ላይ ቆሞ በመስኮቱ ሥር ተቀምጧል።

«አባባ፥ ልክፈተውና ይስሙት?» አለ አናጢው።

«ክፈተው ልጄ፤ ግን በዝግታው ጀምር» አሉት።

መኪናው ሲነሣ ድምፁ የቤቱን ቆርቆሮ አስተጋባ። መካኒኩ አልደነገጡም፤ ቀስ ብለው ዞሩት። በኋላ እንደ ገለጹልን ጩኸት ሁሉ አንድ አይደለም። ከላማው መመላለስ ጋር እኩል የሚሄድ፥ ፍጥነቱ ሲጨምር የሚፈጥን መንኳኳት ከሆነ፥ ምክንያቱ በክንዶቹና በማጠፊያዎቹ ያለ ክፍተት ነው። የሚያፏጭና የሚሲሲ ድምፅ ከሆነ ዘይት ወይም ግራሶ አንሶታል። ሳያቋርጥ የሚያጓራ ከሆነ የሞተሩ ኩሽኔታ ሊሆን ይችላል። በአንድ ፍጥነት ላይ ብቻ ተነሥቶ ከዚያ በላይና በታች የሚጠፋ መንቀጥቀጥ ከሆነ ደግሞ መኪናው ሳይሆን የቆመበት እግር ነው የሚጮኸው። ይህን ሳይለዩ ዕቃ መለወጥ፥ እርሳቸው እንዳሉት፥ ሕመምተኛውን ሳይጠይቁ መድኃኒት መግዛት ነው።

የደንበኛችን መኪና ሁለት ድምፆችን ደራርቦ ነበር የሚያሰማው፤ አንደኛው ከላማው ጋር የሚሄድ መንኳኳት፥ ሁለተኛው በመካከለኛ ፍጥነት ላይ የሚነሣ መንቀጥቀጥ ነው።

ግማሹን መኪና ከክስ ነጻ ማውጣት

ቀጥሎ የኤሌክትሪኩን መሰኪያ አስነቀሉ። እዚህ ላይ ለማንም ሠራተኛ ሊነገር የሚገባው፥ ማብሪያውን ማጥፋት ብቻ በቂ አለመሆኑ ነው፤ ጣት በመኪናው ውስጥ ሳለ ሌላ ሰው ሳያውቅ ሊያበራው ይችላልና። ከዚያ አገናኝ ዘንጉን ከእንዝርቱ አስፈቱት፤ ክንዶቹ ከሞተሩ ተለዩ። ክቡ ብረት በሞተሩ ላይ በሚገባ መታሰሩን ካረጋገጡ በኋላ ሞተሩን ብቻውን አስነሡት። የረጅም ካቻቢቴ ጫፍ በሞተሩ ሽፋን ላይ አሳርፈው እጀታውን ወደ ጆሮአቸው አስጠጉ። ሞተሩ እንደ ንብ ቀፎ ዝግ ብሎ ይሰማ ነበር እንጂ ምንም ጉድለት አልነበረበትም።

በዚህ አንድ ፈተና ግማሹ መኪና ከክስ ነጻ ወጣ። አናጢው ሞተር ለመለወጥ አስቦ ዋጋ ጠይቆ እንደ ነበር ነግሮን ነበርና፥ እዚያው ላይ ብዙ ገንዘብ ዳነ።

ከዚያ መኪናው እንደ ተነቀለ ክንዶቹን በእጃቸው ቀስ እያሉ ወደ ላይና ወደ ታች ወዘወዟቸው። የሌላውን እጃቸውን ጣት በየማጠፊያው ላይ፥ ግማሹ በአንደኛው ብረት ግማሹ በሁለተኛው እንዲያርፍ አድርገው ያዙ። ሁለት ብረቶች በአንድነት ካልሄዱ፥ ዐይን የማያየውን ክፍተት ጣት ያውቀዋል። በኋለኛው የታችኛው ማጠፊያ ላይ ሲደርሱ ቆም አሉና የእኔን ጣት ይዘው አሳረፉት። እኔ የጽሕፈት ሥራ ሰው ነኝ፤ ቢሆንም ብረቱ ሲሄድና ሲመለስ አንዲት ትንሽ «ጠቅ» ተሰማችኝ።

ማጠፊያው ሲከፈት አዲሱ ኩሽኔታ ያለ ነውር ነበር። መርፌዎቹ ሙሉ ናቸው፤ ቀለበቱም አልተሰነጠቀም። «ዕቃችሁ ሐሰተኛ አይደለም» አሉኝ መካኒኩ፤ እኔም እፎይ አልሁ። እፎይታዬ ግን ረጅም ዕድሜ አላገኘም። ቦኮላውን አውጥተው በጨርቅ ጠረጉና በጥፍራቸው ጀርባውን ሳቡት፤ ጥፍራቸው እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ባሉ ስንጥቆች ላይ ተንቀረቀበ። በካሊፐር ሲለካ፥ መርፌዎቹ ሲሄዱበት የኖሩት መሐሉ ከዳሩ የሚሊሜትር አንድ ዐሥረኛ የማይሞላ ያህል ተበልቷል።

አንባቢው ይህች ኢምንት መጠን ምን ታደርጋለች ይል ይሆናል። ላማው በደቂቃ 1,000 ጊዜ ሲመላለስ ክንዱ አንድ ጊዜ ወደ ላይ አንድ ጊዜ ወደ ታች አቅጣጫውን ስለሚለውጥ፥ ብረት ከብረት ጋር በደቂቃ 2,000 ጊዜ ይጋጫል። አዲስ ኩሽኔታ በተበላ ቦኮላ ላይ ማድረግ አዲስ ጫማ ሰፊ አድርጎ እንደ መግዛት ነው፤ ጫማው ደኅና ነው፥ እግር ግን ይዋኝበታል።

መኪናው ከበፊቱ ይልቅ የጮኸበትም ምክንያት ተገኘ። በአሮጌው ኩሽኔታ ውስጥ ለብዙ ዓመት የደረቀው ግራሶ ክፍተቱን እንደ ሙጫ ሞልቶ ድምፁን ያፍነው ነበር። አናጢው ሁሉንም አጥቦ ቀጭን ዘይት ሲያደርግበት ያ መታፈን ቀረ። ከዚህም በላይ ያረጁትን ዕቃዎች ሳይጥል በጣሳ አስቀምጧቸው ስለ ነበር፥ መካኒኩ ጣሳውን ገልብጠው ሲቆጥሩ አንዲት ቀጭን ሮንዴላ አገኙ። ይህች ሮንዴላ ክንዱን ወደ ጎን እንዳይንሸራተት የምትይዝ ነበረች፤ ሲገጣጠም ተረስታለች። ያረጀ ዕቃ አዲሱ ሠርቶ እስኪታይ ድረስ አይጣልም የሚባለው ስለዚህ ነው።

የማን ስሕተት ነው?

«ኩሽኔታውን ስትለውጥ ቦኮላውን ለምን አልለወጥህም?» ብለው መካኒኩ ጠየቁት።

አናጢው ወደ እኔ ሳያይ፥ «ጠይቄ ነበር፤ ሱቁ ውስጥ ኩሽኔታው ብቻ ነው ያለው አሉኝ» አለ።

እንዲህ ያለውም እኔ ነኝ። ነገሩንም ሥር አድርጌ አውቀዋለሁ። በ2017 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ለላኪው የትእዛዝ ደብዳቤ ስናዘጋጅ፥ በፋብሪካው ዝርዝር ውስጥ ኩሽኔታውና ቦኮላው ለየብቻቸው ቁጥር ተሰጥቷቸው ነበር። ምንዛሪ ለመቆጠብ ከዝርዝሩ ምን እንደሚቀነስ አሠሪዬ ሲጠይቁኝ፥ ቦኮላ የሚሽከረከር ነገር የለውም፥ አይበላም፥ ይቅር ብዬ በእጄ ሰረዝሁት። እርሳቸውም ባመኑኝ መጠን ፈረሙ። ያ አንድ መስመር ቀለም አሁን በአናጢው ሥራ ቤት ውስጥ ይጮኽ ነበር።

ያን ጊዜ ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም ነበር። ደንበኛውም ሮንዴላ ረስቷልና ጥፋቱን ሁሉ በእርሱ ላይ መደምደም ይቻል ነበር። ዳሩ ግን ሰውየው ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ያመነን ሰው ነው። «የቦኮላው ነገር የእኔ ጥፋት ነው» ብዬ ነገርሁት። አናጢው ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና፥ «እንግዲያው ወንድሜ፥ መስከረም 10 ቀን እንዴት እደርሳለሁ?» አለኝ። ለዚህ መልስ አልነበረኝም።

ሩብ ዙር

መልሱን የሰጡት መካኒኩ ናቸው። ቦኮላውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አቅርበው እያዞሩ አሳዩን። የመጋዙ ክንድ እንደ መንኰራኵር ዙሪያውን አይዞርም፤ ጥቂት ብቻ እየሄደ ይመለሳል። ስለዚህ መርፌዎቹ የበሉት የቦኮላውን ዙሪያ ሁሉ ሳይሆን ከላይና ከታች ያሉትን ሁለት ጎኖቹን ብቻ ነው፤ በግራና በቀኝ ያለው ጀርባው እንደ አዲስ ያበራል። ቦኮላው በብሎን ተጨምቆ የሚቆም እንጂ የሚዞር ስላልሆነ፥ ሩብ ዙር አዙሮ ቢታሰር ያልተበላው ጎን ጭነቱን ይቀበላል። ይህ ዘዴ አንድ ሳንቲም አያስወጣም፤ ለዘላለም የሚሆን መድኃኒት አይደለም እንጂ ጊዜ ይሰጣል።

አናጢው ቦኮላውን በቶርኖ አስቀርጾ ለማሠራት ሐሳብ አቅርቦ ነበር። መካኒኩ እንዳስረዱት ግን ለመርፌ ኩሽኔታ የሚሆን ቦኮላ በእሳት የጠነከረና የተወለወለ ብረት መሆን አለበት፤ ከተራ ብረት ተቀርጾ ሳይጠነክር የሚገባ ቦኮላ በአጭር ጊዜ ውስጥ ይበላል፥ ኩሽኔታውንም ያጠፋል።

ስለዚህ ቦኮላዎቹ ሁሉ ወጥተው ታጠቡ፤ ሩብ ዙር እየዞሩ ተመለሱ፤ መርፌዎቹ ግራሶ ተቀቡ፤ የተረሳችው ሮንዴላ በቦታዋ ገባች። ዳዶው ሲጠብቅ ክንዱ ወደ ጎን እንዳይነቃነቅ፥ ነገር ግን ተይዞ ሲለቀቅ በራሱ ክብደት ቀስ ብሎ እንዲወርድ ተደረገ። ከዚህ በላይ ቢጠብቅ ክንዱ ይታነቃል፥ ሞተሩም ይግላል። መኪናው ሲነሣ መንኳኳቱ ጠፋ።

መንቀጥቀጡ ግን በመካከለኛ ፍጥነት ላይ አሁንም አለ። መካኒኩ አንድ ወረቀት አጥፈው በመኪናው እግሮች ሥር ለማስገባት ሞከሩ፤ በሦስቱ አልገባም፥ በአራተኛው ሥር ተንሸራቶ ገባ። በዶሮ ማነቂያው ቤት ወለሉ ጎርበጥባጣ ስለ ነበር እግሩ በዚያው ልክ ተስተካክሎ ኖሯል፤ በአዲሱ ለስላሳ ወለል ላይ ግን አንደኛው እግር በአየር ላይ ቀርቷል። እግሩን አስተካክለው፥ ከአሮጌ ጎማ አራት ቁራጭ ቆርጠው ከሥር አደረጉ፤ በብረቱ እግር መካከል ባለው መደርደሪያም አሸዋ የሞላ ጆንያ አስቀመጡ። በመጨረሻ ላማውን ወጥረው በጣታቸው መቱት፤ እንደ ክራር ክር ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠ። የላላ ላማ ራሱ ይንቀጠቀጣልና፥ እንጨቱንም ያበላሻልና፥ ይህ ሳይታይ አይታለፍም።

ከዚያ በኋላ መኪናው እየሠራ በአጠገቡ ቆመን ድምፃችንን ሳናነሣ ተጫወትን። አናጢው ሥራውን መስከረም 8 ቀን አስረከበ።

ያልጮኹት ደንበኞች

ወደ መደብሩ ተመልሼ ለአሠሪዬ ሁሉንም ነገርኋቸው። ጥቂት ካሰቡ በኋላ፥ «ሰረዙ የአንተ ነው፤ ፊርማው ግን የእኔ ነው» አሉኝ። ቀጥሎም ከዚያ ሣጥን ኩሽኔታ የገዙትን ሰዎች ደረሰኝ አውጥቼ ለእያንዳንዳቸው እንድደውል አዘዙኝ። ሰባት ነበሩ። ከሰባቱ ሁለቱ መኪናቸው አልስተካከል ብሏቸው፥ ለእኛ አንድ ቃል ሳይናገሩ፥ ዕቃ ከሌላ ቤት መግዛት ጀምረዋል። በዚያ ዝናብ መጥቶ በባንኮኒያችን ላይ ኩሽኔታ የዘረገፈው ሰው ወዳጃችን ኖሯል፤ የጎዱን ዝም ያሉት ናቸው። ቦኮላዎቹን በፍጥነት አዝዘን ሲደርሱ ለሰባቱም ለአናጢውም ያለ ዋጋ ሰጠን። ከሁለቱ አንደኛው ተመልሶ ደንበኛችን ሆኗል።

ከዚህ የሚወሰድ ትምህርት

ከዚህ በኋላ በቤታችን የተደነገገውን ለሙያ ጓደኞቻችን በአጭሩ ላካፍል።

አንደኛ፥ አብረው የሚያረጁ ዕቃዎች አብረው ይታዘዛሉ፥ አብረውም ይሸጣሉ። ኩሽኔታ ያለ ቦኮላው፥ ቺንጋ ፑሌጃው ሳይታይ፥ የላማ መያዣ ያለ ብሎኑ አይሸጥም። ደንበኛው አንደኛውን ብቻ እፈልጋለሁ ቢል፥ ሁለተኛው ሊታይ እንደሚገባው ተነግሮት በደረሰኙ ጀርባ ይጻፍለታል።

ሁለተኛ፥ የተራ ባለ ኳስ ኩሽኔታ ቁጥር ንባብ ማንኛውም የሱቅ ሠራተኛ ሊያውቀው ይገባል። የመጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች የመሐሉን ቀዳዳ ያመለክታሉ፤ 00 ማለት 10፥ 01 ማለት 12፥ 02 ማለት 15፥ 03 ማለት 17 ሚሊሜትር ነው፤ ከ04 ጀምሮ ቁጥሩን በ5 ማባዛት ነው። ስለዚህ 6202 የተባለው ባለ 15፥ 6204 የተባለው ባለ 20 ሚሊሜትር ቀዳዳ ነው። እንደ 608 ያሉት ትንንሾቹ ግን ባለ ሦስት አኃዝ ስለ ሆኑ የመጨረሻው አኃዝ ራሱ ቀዳዳው ነው፤ 8 ሚሊሜትር። ከቁጥሩ በኋላ የሚመጣው ፊደልም ከንቱ ጌጥ አይደለም፤ የብረት ክዳንና የጎማ ክዳን ያላቸውን ይለያል፤ አቧራ ለበዛበት የእንጨት ሥራ የጎማ ክዳን ያለው ይመረጣል።

ሦስተኛ፥ መኪና ከውጭ ሲመጣ በሞተሩ ላይ የተለጠፈው ሰሌዳ ይነበብ። የአገራችን ኤሌክትሪክ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። ከአሜሪካ ለ120 ቮልትና ለ60 ኸርዝ የተሠራ መኪና ሲመጣ ብዙ ሰው ትራንስፎርመር ገዝቶ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ ኸርዙን አይለውጥም። በደቂቃ ወደ 1,800 ዙር እንዲጠጋ የተሠራ ተራ ሞተር እዚህ ከ1,500 በታች ይዞራል፤ ያጓራል፥ ይግላልም። ለዚህ ጩኸት የትኛውም ኩሽኔታ መድኃኒት አይሆነውም፤ ሻጩ አስቀድሞ ቢናገር ግን ደንበኛው ከብዙ ድካም ይድናል።

አራተኛ፥ ምንዛሪ ለመቆጠብ ከትእዛዝ ዝርዝር አንድ መስመር ከመሰረዙ በፊት፥ ያ ዕቃ በመኪናው ውስጥ ምን እንደሚሠራ በእጁ የሚያውቅ ሰው ይጠየቅ። የእኛ መካኒክ ከመደብራችን ብዙም ሳይርቁ ይኖራሉ፤ የአንድ ስኒ ቡና ጥያቄ ነበር። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፥ በጥቅምት ያተረፍሁትን ጥቂት ዶላር በነሐሴ እጥፍ አድርገን ከፍለናል።

ቦኮላው የተሰረዘበትን ያን የትእዛዝ ደብዳቤ ቅጂ አላጠፋሁትም። አዲስ ትእዛዝ በማዘጋጅበት ቀን ሁሉ ከመሳቢያዬ አውጥቼ ከፊቴ አኖረዋለሁ። ከዚያ በኋላ ነው ብዕሬን የማነሣው።